ሰማዩን ለስምንት የሚከፍሉት ሰው

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረችኝ የግቢያቸው ተከራይ ናት። የልጇን የልደት ካርድ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ፣ ወረቀቱን ከእጇ ስቀበላት፣ «ሰማይ የሚያዩት ሽማግሌ አረፉ እኮ» አለችኝ። ስማቸውን አልጠራችም። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ውስጥ ሰማይ የሚያይ ሽማግሌ አንድ ብቻ ስለነበር መጥራትም አላስፈለጋትም።

«መቼ?» አልኳት።

«ዛሬ ጧት። ከሱብሂ ሰላት ተመልሰው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው አሉ።»

ኮፒውን ሁለት ጊዜ አጣምሜ አወጣሁትና በሦስተኛው ሰጥቻት ማሽኑን አጠፋሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ተናደድኩ። እኔ ሳዝን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። በእሳቸው ተናደድኩ፣ በአንድ ጠበቃ ተናደድኩ፣ ኮምቦልቻ በምትኖር አንዲት ሴት ተናደድኩ።

ቧንቧ ውሃ ውስጥ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ስካን፣ የጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ሁሉ እሠራለሁ። ትዕግሥት ግን አልሠራም፤ ደንበኞቼ ያውቁታል። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከመጡ ጀምሮ በየጧቱ የሱቄ በር ላይ ይቆሙ ነበር። የሚገዙት ነገር የለም። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ቡናማ ኮታቸውን በጋም ክረምትም አያወልቁትም። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የአየር ጠባይ ሲመዘግቡ ነው የኖሩት። ጡረታ ሲወጡ ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። ጧት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢያቸው መሐል ይቆማሉ፤ ሁለት እጃቸውን ይዘረጉና ሰማዩን በዓይናቸው ለስምንት ይከፍሉታል። ከስምንቱ ስንቱ በደመና እንደተያዘ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ስምንት ማለት ሙሉ በሙሉ ዳመነ ማለት ነው። ዜሮ ማለት ምንም የለም።

«ስንት ነን ጋሽ እንድሪስ?» እላቸዋለሁ ገና ሲመጡ።

«አምስት ነን፤ ጦሳ ተራራ ላይ ከብዷል» ይሉኛል። ሌላው ሰው ሰላምታ የሚሰጠኝን ያህል ነበር ይህ ለእኔ።

ሰፈሩ ያሾፍባቸዋል፤ እኔም አሾፍባቸው ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ልጁን ሊድር ድንኳን ሊያስተክል ነው። «እሑድ ይዘንባል አይዘንብም ይንገሩኝ፣ አንቱ ያልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?» ብሎ ለመናቸው። ጋሽ እንድሪስ ወይ ፍንክች።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁት የእኔ አይደለም» አሉት በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ።

እሑድ ዝናቡ ድንኳኑን ከነሙሽራው አጥቦት ሄደ። ሰውየው አንድ ወር ሙሉ አኮረፋቸው፤ እሳቸው ግን ሰርጉ ላይ የዘነበውን በሚሊሜትር ለክተው ጽፈውት ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ድሮ አለቃቸው አጫወቱኝ። ታመው ባልገቡበት ቀን የጎደለውን በግምት እንዲሞሉ አዘዛቸውና እንቢ አሉ። «ባዶ መተው ውሸት አይደለም» አሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት የሆነ ያህል እልህ ይዟቸው። ለአንድ ባዶ ቦታ ከአለቃ የሚጣላ ሰው አይቼ አላውቅምና ሳቅሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘላቸው። ልጃቸው ሀያት ኮምቦልቻ ባል አግብታ ነው የምትኖረው፤ እናቷ ሁለት ቀን ቀድመው እያረፉ እንዲሄዱ መኪና ተነጋግራ ነበር። ጋሽ እንድሪስ መንገዱ ያንገላታቸዋል ብለው ፈሩ። ያኔ በኮምቦልቻ ትንንሽ አውሮፕላን የምታበር አንዲት የግል ድርጅት ነበረች፤ ዛሬ የለችም፣ ስሟንም መጥራት አያስፈልገኝም። ለሰኞ ሁለት ትኬት ቆረጡ። ሀያት በስልክ «ቢዳምንስ? ባይበርስ?» ስትላቸው፣ በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን ነገር አሉ።

«ሰኞ ሰማዩ ንጹሕ ነው። እኔን ስሚኝ።»

ሀያት አባቷን ሰማች፤ መኪናውን መለሰችው።

ሰኞ ጧት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያው አድርሳቸው ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለቱ ሽማግሎች ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የሚነግራቸው የለም፣ ውሃ የሚሰጣቸው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ እንድሪስ ስልክ ላይ አጭር መልእክት መጣ፦ በአየር ጠባይ ምክንያት በረራዎ ተሰርዟል። ቀጠሮው በማግስቱ ጧት ነው። ያለ የሌለ ገንዘባቸውን አውጥተው ሚኒባስ ተኮናትረው ተነሡ። እትዬ ዘይነባ ደጋን ከተማ ሲደርሱ «ደክሞኛል» ብለው የባላቸው ትከሻ ላይ ተደገፉ። ጋሽ እንድሪስ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው እንዳይነቁ ብለው ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ ብዙ መንገድ ሄዱ።

ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ሀያት ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ድንኳን መሐል አባቷ ፊት ቆመች።

«ሰማዩን አውቃለሁ ያልከው አንተ ነህ አባዬ። አንተን ሰምቼ ነው መኪናውን የመለስኩት። በአየር ጠባይ ነው የሚለው ይኸው ስልክህ ላይ አለ! አንተ ነህ የገደልካት።»

ሰዎች አፏን ያዙት፤ ጎትተው አወጧት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሀያት ደሴን አልረገጠችም፤ ስልካቸውንም አላነሳችም።

በአርባኛው ቀን አካባቢ ይመስለኛል፣ ጧት መጥተው በሬ ላይ አልቆሙም፤ ገብተው ተቀመጡ። «ስንት ነን?» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ይቺን መልእክት በወረቀት አውጪልኝ። የአውሮፕላኑን ሰዎች ልከሳቸው ነው። ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በኮምፒውተር ክስ ይገባል ይላሉ፤ ውነት ነው?»

ነው አልኳቸው። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለም፤ ክሱም ማስረጃውም በኢንተርኔት ይገባል፣ ችሎቱም በቪዲዮ ነው። ግን ጠበቃ ይያዙ አልኳቸው፤ እኔ ፎርም እሞላለሁ እንጂ ሕግ አላውቅም።

«ጠበቃው ያን ቀን ሰማዩን አይቷል?» አሉኝ።

«የት አይቶ?»

«እኔ አይቻለሁ። ጻፊ።»

ሁለት ቀን ፈጀብን። አንዱን ቀን መብራት ጠፋ፤ አንዱን ቀን ስካን ያደረግሁት ፋይል ከብዶ አልገባ አለ። ማስረጃቸው አንድ ነገር ነው፤ የዚያ ሰኞ የደብተር ገጽ። ማረፊያው አዳራሽ ተቀምጠውም አልተዉትም ነበር። ሦስት ሰዓት፣ አንድ ስምንተኛ፣ በምሥራቅ። ስድስት ሰዓት፣ ዜሮ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ዜሮ፤ የጎፍ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሥሩ የማክሰኞው መስመር ባዶ ነው። እትዬ ዘይነባ የተቀበሩበት ቀን ነው። ገጹን ስካን ሳደርግ ያ ባዶ መስመር ላይ ስደርስ ዓይኔ ሞላ፤ እንዳያዩኝ ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

ፎርሙ ላይ የካሳ መጠን የሚል ቦታ አለ። ባዶ ይሁን አሉኝ። ባዶ አይቀበልም። ዜሮ በይው አሉኝ። ዜሮም አይቀበልም።

«እኔ ገንዘባቸውን ምን ላድርገው? ሰማዩ ንጹሕ ነበር፣ ያላበረርነው በሌላ ምክንያት ነው ብለው እንዲጽፉልኝ ነው። ያንን ለሀያት እልክላታለሁ። የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት አላምንም አትልም።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ ፎርም ነው፤ ሰው አይደለም። የልብዎን ቢነግሩት አይገባውም።» ትኬቱንና የሚኒባሱን ኪራይ ደምሬ ጻፍኩበትና ክሱ ገባ።

የድርጅቱ መልስ በወሩ መጣ። በዕለቱ በኮምቦልቻ በነበረው ከባድ ጭጋግ የተነሣ መብረር ከአቅማችን በላይ ነበር፣ ስለዚህ ኃላፊነት የለብንም ይላል። ሳነብላቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጭጋግ? ጭጋግ አሉ? ያረቢ! ጭጋግ ማለት እኮ የጎፍ ሲጠፋ ነው። የጎፍ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ተገትሮ ነው የዋለው!»

እንዲህ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስታቸውን ያጡ ሰው ለጭጋግ ትርጉም ሲቆጡ ላየ ሰው ነገሩ ግራ ይሆንበታል። እኔ ግን ገባኝ። ሰዎቹ የዋሹት ሚስታቸው ሬሳ ላይ ነበር፤ ሀያት ደግሞ የያዘችው የእነሱን ቃል ነበር።

የቪዲዮው ችሎት ቀን ሱቄን ግማሽ ዘጋሁ። የጉርድ ፎቶ የማነሣበት ሰማያዊ መጋረጃ ፊት አስቀመጥኳቸው። ኮታቸውን አስተኩሰዋል፤ የሠላሳ ምናምን ዓመት ደብተር በፌስታል ተሸክመው መጥተዋል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የድርጅቱ ጠበቃ ጎልማሳ ነው፤ ከረባቱ የሚያምር። ገና ሲናገር ደብተሩን አጣጣለው፤ ከሳሹ ራሱ የጻፈው የግል ማስታወሻ ማስረጃ አይሆንም አለ።

ዳኛዋ ጋሽ እንድሪስን ጠየቁ። «አባት፣ ይሄን ገጽ መቼ ነው የጻፉት?»

«ሰዓቱ ላይ እመቤቴ። ሦስት ሰዓት የሚለውን በሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት የሚለውን በስድስት ሰዓት።»

«ማክሰኞ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ያን ቀን ቀና አላልኩም።»

ዳኛዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ በዕለቱ ኮምቦልቻ ላይ የተመዘገበው የአየር ጠባይ መረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ ይቅረብ ብዬ ላዝዝ ነው፣ ከዚያ በፊት የምትሉት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መረጃውን የያዘው ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ያሠለጠኑት ልጅ ነው፤ ምን እንደሚል እናውቃለን። ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር።

ጠበቃው እጁን አወጣ። ድምፁ ተለወጠ።

«አባባ፣ ከሕጉ በፊት እንደ ሰው አንድ ነገር ልበል። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። እናታችንን አላህ ይርሐማቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ድርጅቱም እኔም አጥፍተን ከሆነ፣ ለአላህ ብለው አውፍ ይበሉን...»

«አውፍ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ጠበቃው አረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሰም ነበር። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በሞተ ሰው ስም፣ በአላህ ስም አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ የተባለ ሰው ጠያቂውን አንገት አስደፍቶ አያቆይም። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም አስቆይተው አያውቁም። ችሎት ላይ መሆናቸውን የረሱ አይመስለኝም፤ ከአፋቸው ቀድሟቸው ነው የወጣው።

ጠበቃው ወዲያው ወደ ዳኛዋ ዞረ። ከሳሽ ይቅርታ ማድረጋቸውን በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ ክሱን እንደተዉት ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋልኝ አለ። ሰውየው ከልቡ ነበር ወይስ ወጥመድ ነበር? ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወጥመድ ከሆነ ግን የሚጠመደው ማን እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው ያጠመደው።

ዳኛዋ ቅን ሰው ነበሩ። «አባት ይስሙኝ። ይቅርታ ማድረግና ክስ መተው የተለያየ ነገር ነው። ይቅርታዎ እንዳለ ሆኖ ክሱን መቀጠል መብትዎ ነው። ይቀጥላሉ ወይስ ትተዋል?»

ከካሜራው ውጭ ቆሜ «ይቀጥላል በሉ! ይቀጥላል!» እያልኩ በሹክሹክታ ጮህኩ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ደብተሩ ላይ ጫኑት።

«እመቤቴ፣ የአላህን ስም ጠርቼ አውፍ አልኩ። በምላሴ አውፍ ብዬ ነገ ደግሞ ጥፋቱን ልቁጠርበት? አይሆንልኝም። ትቻለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሰማዩ ንጹሕ ነበር ብለው።»

«ማስረጃ ሰምቼ ያላጣራሁትን መጻፍ አልችልም አባት» አሉ ዳኛዋ። እውነታቸውን ነው። ጋሽ እንድሪስም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም ያለ ሰው እሳቸውን ሊያስቆጣቸው አይችልም።

ትእዛዙ በሳምንቱ ወጣ፤ ግማሽ ገጽ ናት። ከሳሽ ክሳቸውን በፈቃዳቸው ስለተዉ መዝገቡ ተዘግቷል ትላለች። አትሜ ሰጠኋቸው።

«ሰማይ የሚል ቃል አለባት?» አሉኝ።

«የለባትም።»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሱቅ ውስጥ ሰው እያለ ጮህኩባቸው። «ምን አደረጉ ጋሽ እንድሪስ? አንድ ቀጠሮ ነበር እኮ የቀረው! ለአንድ ከረባታም ብለው ልጅዎን አጡ! አሁን ለሀያት ምን ሊሏት ነው?»

ወረቀቷን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ ከተቷት። «አብሽሪ ልጄ። እኔ ያየሁትን ጽፌአለሁ። ማንበብ የሷ ነው።»

ከዚያ በኋላም በየጧቱ በሬ ላይ ይቆሙ ነበር። ሦስት ነን፣ ስድስት ነን ይሉኛል። እኔ ግን አኩርፌአቸው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ያ አሁን ያንገበግበኛል። አንድ ጧት ብቻ ራሴ ደብተሩን ይዤ ሀያት ዘንድ ልሂድ ብያቸው፣ «በሰው እጅ አይሆንም። እሷ ስትመጣ» አሉኝ። ደጃፋቸውን ማታ ማታ ሳይቆልፉት እንደሚያድሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የሞቱ ቀን ከቀብር በኋላ ለቅሶ ደረስኩ። ሀያት መጥታለች። ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ የአባቷን አጥንት ይዛ ነው የወጣችው፣ ያንኑ ረጅም ፊት። ልሰድባት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። በቦርሳዬ የዚያን ሰኞ ገጽ ኮፒ ይዣለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሰላም እንኳ ሳልላት ጭኗ ላይ አደረግሁላት።

«ይሄን አንብቢው። አባትሽ ልክ ነበሩ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር።»

ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አላቆየችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ያን ቀን አድርሻቸው ቤቴ ገብቼ ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሁሉም ደረቀልኝ። ሰማይ ላይ ጭረት አልነበረም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልሰድባት የቋጠርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሻቸው?»

«እናቴ ሞታብኝ ነበር። የምጮህበት ሰው ስፈልግ ፊቴ ያገኘሁት እሱን ነው። በማግስቱ ጸጸተኝ። ወላሂ በማግስቱ! ግን ሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኩት፤ በምን ፊቴ ልምጣ? ይቆይ፣ ይቆይ እያልኩ...» ሻሿን በጥርሷ ነከሰችው። ከጎናችን ያሉት እንዳይሰሟት ወደ እኔ ተጠጋች። «አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። መጥቼ ብጠይቀው አውፍ ይለኝ ነበር?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። እንጃ ብላት ይቀላት ነበር መሰለኝ። ግን የጋሽ እንድሪስ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ያላየሁትን መናገር አልሆነልኝም፤ ያየሁትንም መደበቅ እንደዚያው።

«ጠይቀሽ ሳትጨርሺ» አልኳት።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ አርባ ደቂቃ ነው እኮ።»